ዲስኩ አልሞላም ነበር

የዛሬው ጽሑፍ ከወትሮው የፖለቲካ ትንታኔ ትንሽ ወጣ ያለ ነው። የኮምፒውተር ነገር ስታዩ ግን አትለፉት፤ መነሻውም መድረሻውም ደሴና ኮምቦልቻ ናቸው። ነገሩ የሚጀምረው ከራሴ ስህተት ነው።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ላይ ሁለቱ ከተሞች በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገቡ፤ ነጻ የወጡት ኅዳር መጨረሻ ላይ ነው። መንገድ እንደተከፈተ መቅረጸ ድምፄን ይዤ ወጣሁ። ከፒያሳ እስከ ሸዋ በር፣ ከደሴ ቁልቁል እስከ ኮምቦልቻ ሰው አነጋገርኩ። ሱቁ ባዶ የቀረበት ነጋዴ፣ ልጇን በጓሮ የቀበረች እናት፣ መድኃኒት ያለቀበት ነርስ፣ ያን ወር ከቤታቸው ያልወጡ አዛውንት። ለዜና የተጠቀምኩት ከእያንዳንዳቸው አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ብቻ ነበር። ቀሪውን «ይሄ ለታሪክ ነው» ብዬ አስቀመጥኩት።

ያስቀመጥኩት ራስፕቤሪ ፓይ በምትባል፣ የባንክ ካርድ በምታክል ኮምፒውተር ላይ ነው። የምትሠራው በሊኑክስ ነው፤ ሥርዓቷም ፋይሏም ያሉት በአንዲት ሚሞሪ ካርድ ላይ ነው። መጀመሪያ ካርዷ 8 ጊጋባይት ነበር። መጥበብ ሲጀምር 64 ጊጋባይት ካርድ ገዛሁና አንድ ጓደኛዬ የድሮውን እንዳለ ወደ አዲሱ ገለበጠልኝ። ተነሣች፣ ሠራች፣ ረሳኋት።

በሐምሌ 2015 መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ለወራት ምንም ነገር ወደ ውጭ መላክና ሌላ ቦታ ማስቀመጥ ከባድ ሆነ። አዳዲስ ቅጂዎች ሁሉ ወደዚያች ካርድ ይገባሉ። አንድ ቀን ማሽኗ «ባዶ ቦታ የለም» አለችኝ። 64 ተብሎ የተሸጠልኝ ካርድ! ገበያው ውስጥ የሐሰት ካርድ ሞልቷልና ነጋዴውን በልቤ ረገምኩት። ከዚያም የማይሆን ነገር አደረግሁ፤ የ2014ቱን ቅጂዎች አንድ በአንድ እያየሁ «ይሄስ ለዜና ወጥቷል» እያልኩ አጠፋኋቸው።

ከወራት በኋላ ፒያሳ አካባቢ ኮምፒውተር የሚጠግን አንድ ወጣት ማሽኗን ከፍቶ ሁለት ትእዛዝ ጻፈ። አንደኛው ሥርዓቱ «ያለኝ ቦታ ይሄ ነው» ብሎ የሚያምነውን ያሳያል፤ 7 ጊጋባይት ገደማ ይላል። ሁለተኛው የካርዱን እውነተኛ ስፋት ያሳያል፤ 59 ገደማ ይላል። (64 ተብሎ የሚሸጥ ካርድ በኮምፒውተር አቆጣጠር 59 ገደማ ነው የሚወጣው።) ልጁ ዞር ብሎ አየኝና «ጋሼ፣ ካርዱ እኮ ደህና ነው። ማሽኗ መስፋቱን አልሰማችም» አለኝ።

ካርዱ ሐሰተኛ አልነበረም። ዲስኩም አልሞላም ነበር። ነጋዴውን በከንቱ ረገምኩት።

ይህች «አልሰማችም» የምትል ቃል እንቅልፍ ነሳችኝ። ኮምፒውተር እንዴት የራሱን ስፋት አያውቅም? ነገሩን ስከታተለው ከ30 ዓመት በላይ የሆነው ታሪክ ሆኖ አገኘሁት።

ቦታ፣ አጥር እና መዝገብ

ነገሩን በእኛ አገር ኑሮ ላስረዳ። አንድ ሰው ሰፊ ቦታ አለው እንበል። ቦታው ላይ አጥር አጥሯል። በአጥሩ ውስጥ ቤት ሠርቶ፣ ስንት ክፍል እንዳለ፣ የትኛው እንደተያዘና የትኛው ባዶ እንደሆነ በመዝገብ ጽፏል።

ካርዱ ወይም ሃርድ ዲስኩ ቦታው ነው። አጥሩ ባለሙያዎች ፓርቲሽን የሚሉት ነው፤ «ከዚህ እስከዚህ የዚህ ሥርዓት ነው» የሚል ወሰን። መዝገቡ ደግሞ ፋይል ሲስተም ነው። ሊኑክስ ውስጥ ሁሉም ነገር የተንጠለጠለበት ዋናው ፋይል ሲስተም «ሩት» ይባላል፤ ሥር ማለት ነው።

ሦስቱ እርስ በእርስ አይነጋገሩም። ቦታው ቢሰፋ አጥሩ በራሱ አይራመድም። አጥሩ ቢገፋም መዝገቡ በራሱ አይጨምርም። መዝገቡ በመጀመሪያ ገጹ ላይ «ጠቅላላ ይህን ያህል ነው» የሚል ቁጥር ተጽፎበታል፤ ሥርዓቱ የሚያምነው ያንን ቁጥር ነው። ጓደኛዬ የ8 ጊጋባይቱን ካርድ እንዳለ ሲገለብጥ አጥሩንም መዝገቡንም ከነቁጥራቸው ገለበጠ። አዲሱ ቦታ ስምንት እጥፍ ነበር፤ ወረቀቱ ግን የድሮው ነው።

የሚያንገበግበኝም እዚህ ላይ ነው። እኔ የሰዎቹን ድምፅ ሳጠፋ መዝገቡ «ባዶ ክፍል» ብሎ ጻፈ። አዲሱን ቅጂ ስጨምር እዚያው በእነሱ ላይ ጻፈበት። ወጣቱ ባለሙያ የጠፋውን ለመመለስ ብዙ ቢደክምም ያልሆነለት ለዚህ ነው። ከአጥሩ ማዶ ግን 50 ጊጋባይት የሚያህል፣ ማንም ያልረገጠው ባዶ ሜዳ ተኝቶ ነበር።

ማን ያስታውስ?

(ከዚህ በታች ያሉት የሊኑክስ ዓመተ ምሕረቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለው የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በ1991 ሊኑክስን ሲጀምር ከሚኒክስ የተዋሰው ፋይል ሲስተም ከ64 ሜጋባይት በላይ መያዝ አይችልም ነበር። ዛሬ በስልካችን የምንቀርጸው አጭር ቪዲዮ ይሞላዋል። ፈረንሳዊው ሬሚ ካርድ በ1992 «ኤክስት» የተባለውን፣ በ1993 ደግሞ ተከታዩን «ኤክስት 2»ን አወጣ። የዛሬው «ኤክስት 4» የዚያው ዘር ነው።

በዚያ ዘመን ዲስክ ሲቀየር መፍትሔው አንድ ብቻ ነበር። ያለውን ሁሉ ሌላ ቦታ ገልብጦ፣ አፍርሶ፣ እንደ አዲስ ሠርቶ መመለስ። ቤት ለማስፋት ቤተሰቡን በሙሉ አስወጥቶ ቤቱን እንደ ማፍረስ ነው።

በ1990ዎቹ መጨረሻ ቴዎዶር ጾ የተባለው የሊኑክስ ባለሙያ ሳያፈርሱ የሚያሰፋና የሚያጠብ መሣሪያ ሠራ። ፓወርኩዌስት ከተባለ ኩባንያ ጋር የተጀመረው ሥራ በኋላ ለሁሉም በነጻ ተለቀቀ፤ እስከ ዛሬም የሚሠራው እሱ ነው። ነገር ግን ቤቱ ባዶ መሆን ነበረበት። ፋይል ሲስተሙ ሥራ ላይ እያለ መንካት አይቻልም።

ችግሩ ደግሞ ሩት ምንጊዜም ሥራ ላይ ነው። ማሽኑ እስካለ ድረስ ሰው አለበት። የምትሠራበትን ሥርዓት ከሥርህ ነቅለህ ልታሰፋው አትችልም፤ የቆምክበትን ምንጣፍ እንደ መጎተት ነው። ስለዚህ ባለሙያዎች ማሽኑን አጥፍተው፣ ከሌላ ሲዲ አስነሥተው፣ ሩትን ከውጭ ሆነው ያሰፉ ነበር።

ይህን ግድግዳ ለመስበር ለዓመታት ከደከሙት አንዱ አንድሪያስ ዲልገር ነው። በታኅሣሥ 2004 በወጣው ሊኑክስ 2.6.10 ፋይል ሲስተሙ ሰው እየኖረበት እንዲሰፋ ተፈቀደ። ለዚህ ሲባል መዝገቡ ሲዘጋጅ ከወዲሁ ባዶ ገጾች ይተዉለታል፤ በተለመደው አሠራር እስከ 1,024 እጥፍ እንዲያድግ ታስቦ። ማለትም የእኔዋ ትንሽ ካርድ መዝገብ ስምንት እጥፍ ቀርቶ ሺህ እጥፍ ለማደግ ገጽ ነበረው። ማንም አልጠየቀውም እንጂ።

ልብ በሉ፤ ማስፋት ነው የተፈቀደው። ማጥበብ ዛሬም ቢሆን ኤክስት 4 ሥራ ላይ እያለ አይቻልም። ሰው ያለበትን ክፍል ማፍረስ አይቻልማ።

ለምን ሲነሣ?

መዝገቡ ተፈታ፤ አጥሩ ግን ቀረ። የሊኑክስ ልብ የሆነው ከርነል የአጥሩን ወሰን ማሽኑ ሲነሣ አንዴ ያነባል። ሩት ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ወረቀቱን ብትቀይረው እንኳ በጭንቅላቱ ያለውን አሮጌ ወሰን ይዞ ይቀጥላል። ይህን በሥራ ላይ እያለ ማሻሻል የተቻለው በ2012 ነው። ከዚያ በፊት ያለው መፍትሔ ማሽኑን አጥፍቶ ማስነሣት ነበር።

ለዚህ ነው የሩት ማስፋት ታሪክ ከማሽን መነሣት ጋር የተቆራኘው። ሊኑክስ ሲነሣ ሩትን ከመክፈቱ በፊት ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ የምትኖር ትንሽ ጊዜያዊ ሥርዓት አለች። በሯን ከፍታ ዋናውን ሥርዓት ታስገባና ትሄዳለች። በዚያች ቅጽበት ቤቱ ገና ሰው አልገባበትም። አጥር ለመግፋት ከዚያ የተሻለ ሰዓት የለም።

ይህችን ሰዓት የግድ ያደረጓት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው የኪራይ ሰርቨር ነው። አማዞን ከ2006 ጀምሮ ኮምፒውተር በሰዓት ማከራየት ሲጀምር፣ አንድ ዓይነት ትንሽ ቅጂ ለሁሉም ይሰጣል፤ ተከራዩ ግን የዲስኩን ስፋት ራሱ ይመርጣል። ለእያንዳንዱ ተከራይ ባለሙያ ልኮ ማስፋት አይታሰብም። ስለዚህ ማሽኑ መጀመሪያ ሲነሣ ቦታውን ለክቶ፣ አጥሩንና መዝገቡን ራሱ እንዲያሰፋ ተደረገ።

ሁለተኛው በየካቲት 2012 የወጣችው ራስፕቤሪ ፓይ ናት። 35 ዶላር ተብላ የተሸጠች ኮምፒውተር፣ ተጠቃሚዋ ተማሪና ጀማሪ ነው። ሥርዓቷ በትንሽ ካርድ ልክ ተዘጋጅቶ ይሰጣል፤ ሰው በ4ም በ32ም ጊጋባይት ካርድ ላይ ይጭነዋል። መጀመሪያ ላይ ተጠቃሚው ከዝርዝር ውስጥ «አስፋ» የሚለውን መርጦ ማሽኗን ዳግም ማስነሣት ነበረበት። ያላወቀው ትንሿን ቦታ ይዞ ይኖራል። በ2016 ይህ ቀረና ማሽኗ መጀመሪያ ስትነሣ በራሷ እንድትሰፋ ሆነ።

እንግዲህ ታሪኩ በአጭሩ ይህ ነው፤ ማስታወሱ የማን ሸክም ይሁን የሚለው ክርክር። መጀመሪያ ሸክሙ የባለሙያው ነበር። ቀጥሎ የተጠቃሚው። በመጨረሻ የማሽኑ።

አንድ ጊዜ ብቻ የምትጠይቅ ማሽን

«ታዲያ ያንተዋ ለምን አልሰፋችም?» ትሉኝ ይሆናል። እኔም ልጁን ይህንኑ ጠይቄው ነበር።

መልሱ ቀላል ነው፤ የምትጠይቀው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የማስፊያው ትእዛዝ መጀመሪያ ስትነሣ ሥራውን ይሠራና ራሱን ከማስነሻው መስመር ላይ ይሰርዛል። የእኔዋ በ8 ጊጋባይቱ ካርድ ጠይቃ፣ «8 ነኝ» ብላ፣ ጥያቄውን ዘግታለች። ያ መልስ ወደ 64ቱ ካርድ ሲገለበጥ ጥያቄው አብሮ አልተገለበጠም። ለእሷ ይህ አዲስ ሕይወት ሳይሆን የትናንቱ ቀን ቀጣይ ነው።

በኋላ የመጡት የሊኑክስ ሠሪዎች ይህን ጉድለት አይተውታል። ብዙ የሊኑክስ ሥርዓቶችን የሚያስነሣው ሲስተምዲ በ2017 መዝገቡን፣ በ2020 ደግሞ አጥሩን ማሽኑ በተነሣ ቁጥር አይቶ የሚያስተካክል መሣሪያ አካተተ። ሰፍቶ ከሆነ ያሰፋል፤ ካልሰፋ ዝም ብሎ ያልፋል። ማሽኑ ትናንት የተነገረውን ከማመን ዛሬ ያለውን ወደ መለካት ተሸጋገረ።

የእኔዋን ልጁ ሲያሰፋት ከአንድ ደቂቃ ብዙም አልፈጀም። ለአንድ ደቂቃ ሥራ የስንት ሰው ቃል አጠፋሁ።

ከካርዱ ወጣ ስንል

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ኮምፒውተር ላስተምራችሁ ብዬ አይደለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ኮምቦልቻ በወረድኩ ቁጥር ያው ነገር ስለሚታየኝ ነው።

ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ወደ ወልዲያ አቅጣጫ የሚሄደውን ባቡር አስታውሱ። በ1.7 ቢሊዮን ዶላር ውል ያፒ መርኬዚ የተባለው የቱርክ ኩባንያ የሠራው፣ ወደ 390 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መስመር ነው። ተራራው ተበሳ፣ ድልድዩ ተዘረጋ፣ ሐዲዱ ተነጠፈ። ነገር ግን የኤሌክትሪክ ኃይል ሳይሟላለት ለዓመታት ቆመ፤ በጦርነቱም ዘረፋና ጉዳት ደረሰበት። ቦታው ሰፍቷል፣ አጥሩ ተገፍቷል፤ መዝገቡ ግን አልሰማም። የኮምቦልቻ ነጋዴ ዕቃውን ዛሬም የሚያስበው በከባድ መኪና ነው።

ፕላዝማንም የምታስታውሱ ታስታውሱታላችሁ። በ1997 ዓ.ም. በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የገባው የሳተላይት ትምህርት፣ ስንቱን ክፍል ስክሪን አሰቀለ! መብራት ሲጠፋ ወይም ዲሹ ሲበላሽ አስተማሪው ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ከዚያ በኋላ በ2000 ዓ.ም. አካባቢ በሺዎች የሚቆጠሩ አረንጓዴና ነጭ ትንንሽ ላፕቶፖች «ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» በሚለው ፕሮጀክት ወደ አገራችን ገቡ። እነዚያም በሊኑክስ የሚሠሩ ነበሩ። ዕቃው መጣ፤ ዕቃውን የሚያውቅ፣ የሚለካና የሚጠግን ሰው ግን አብሮ በበቂ አልተሠራም።

በ2014ቱ ዘረፋ ወሎ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ የስንት ተቋም ኮምፒውተር እንደጠፋ ታውቃላችሁ። በምትኩ ዕርዳታ ሲመጣ ሥርዓትን ከአንድ ማሽን ወደ ሌላው መገልበጥ የተለመደ ነው፤ ፈጣንና ርካሽ ነውና። ኢንተርኔት በሌለበት ደግሞ እንደ ኪዊክስ ያሉ፣ ሙሉ ዊኪፔዲያን በአንዲት ካርድ ላይ የሚያስቀምጡ ነጻ መሣሪያዎች ለአንድ ትምህርት ቤት ትልቅ ቤተ መጻሕፍት ይሆናሉ። የእኔ ፍርሃት አንዱ መምህር እንደ እኔ «ሞልቷል» የሚል ጽሑፍ አይቶ፣ አዲስ መጽሐፍ ለማስገባት ሲል የድሮውን እንዳያጠፋ ነው።

በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይላሉ አባቶቻችን። የእኔው ከመዳብም አልተቆጠረም፤ መኖሩንም አላወቅሁትም።

ምን እናድርግ?

ሦስት ነገር ልበልና ላብቃ።

አንደኛ፣ ሊኑክስ የሚጠቀም ሰው ሁለቱን ትእዛዞች ይወቅ። «ዲኤፍ» መዝገቡን ይጠይቃል፤ «ኤልኤስቢኤልኬ» ቦታውን ይጠይቃል። ሁለቱ መልሶች በጣም ከተራራቁ ማሽናችሁ አልሰማችም ማለት ነው። ባለሙያ አሳዩ። ከማስፋታችሁ በፊት ግን ቅጂ አስቀምጡ፤ መብራት በየሰዓቱ በሚሄድበት ከተማ ባትሪ ሳይኖር የዲስክ ሥራ አይጀመርም።

ሁለተኛ፣ ዕቃ የምትለግሱና የምትረከቡ፣ ከዕቃው ጋር የሚያውቀውን ሰው ቁጠሩ። ያ የፒያሳው ወጣት ከየትኛውም ካርድ የሚበልጥ ሀብት ነው።

ሦስተኛው ከሁሉ የሚከብደኝ ነው። የደሴ ሙዚየም ቅርሱን ያጣው በዘረፋ ነው። እኔ የሰዎችን ምስክርነት ያጣሁት ግን ማንም ሳይነካኝ፣ በገዛ እጄ፣ «ቦታ የለም» የሚል አሮጌ ወረቀት አምኜ ነው። በየቤታችሁ፣ በየስልካችሁ ከዚያ ወር የቀረ ድምፅና ምስል አለ። ስልኩ «ሞልቷል» ሲላችሁ መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ እንዳይሆን። ሳትለኩ አታጥፉ።

ካነጋገርኳቸው ሰዎች የተወሰኑትን እንደገና ፈልጌ አግኝቻለሁ። አንዲት እናት ድጋሚ ልትነግረኝ ፈቃደኛ ሆና ቁጭ አለች፤ ጥቂት ጀመረችና «ልጄ፣ ያን ጊዜ ነግሬህ የለ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

የምታውቁት ተመሳሳይ ገጠመኝ ካለ ከሥር ጻፉልን። ለመምህራንና ለላብ ባለሙያዎችም አድርሱልኝ።